ለይበል አጥር ሳጥር

ፈረስ እያየ ያደገ ሰው ይህን ባያነብብኝ ደስ ይለኛል። ይስቅብኛል። መሳቁስ ባልከፋ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁን አቁሞ ዝም ይላል። የሚያሳፍረኝ ያ ዝምታው ነው። ካነበባችሁም አደራ፣ ሁሉንም ሳትሰሙ አትፍረዱብኝ።

እኔ ቆሰበር ተወልጄ፣ ቆሰበር ተምሬ፣ አሁንም እዚያው ቆሰበር የማስተምር የሒሳብ መምህር ነኝ። በእኛ አገር ከፈረስ ወድቆ የማያውቅ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የተመሰገነ ጋላቢ ነው፣ ወይ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ወድቄ አላውቅም። ጥር መጥቶ ፈረሰኞች ሜዳውን በአቧራ ሲሞሉት ከጎረቤቶቼ ጋር ዳር ቆሜ አስተያየት እሰጣለሁ። «የዚያኛው አረማመድ ደስ ይላል» እላለሁ። አረማመድ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ እስካሁን በሰላም ኖሬያለሁ።

ፈረስ የመጣብኝ በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ማስተዋል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አባቷ አያ ዘለቀ ደግሞ ወደ አዘና ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ በደጃቸው ፈረስ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ኮርቻ ላይ መውጣቱ ቀርቶ የቤታቸውን ደፍ መሻገር እያስቸገራቸው ነው። መስኩም ከዳቸው። ድሮ የመንደሩ ፈረስ ሁሉ ሲፈነጭበት የኖረው ሜዳ ላይ አሁን ደከረንስ ተተክሎበት፣ ዛፉ እየተቆረጠ ከሰል ይሆናል። ሰው ኑሮው ተሻሻለ፤ ፈረሱ ግን ገመድ ላይ ታስሮ መዋል ጀመረ።

አንድ እሁድ ልንጠይቃቸው ሄደን ምሳ ከበላን በኋላ፣ አያ ዘለቀ የታጠቡትን እጃቸውን እያደረቁ «ይበልን ለእናንተ ሰጥቻለሁ» አሉ። ሰው ጨው አቀብሉኝ በሚልበት ድምፅ ነው የተናገሩት። ማስተዋል ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ወደ ደጅ ይመለከቱ ነበር። እኔ የምለው ጠፍቶኝ «እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎት» አልሁ። በልቤ ግን ሰው ሌሊት እንግዳ ሲመጣበት የሚያስበውን ነበር የማስበው። የት ይተኛል?

ይበል የፈረሱ ስም ነው። ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አንገቱን ደፍቶ ሰውን ከታች ወደ ላይ የሚያይ ፈረስ ነው። ወደ እኛ ከመጣ በኋላ ጓሮ ወጥቼ «ይበል፣ ይበል» እያልሁ ስጠራው፣ ጎረቤቶቼ ራዲዮ ላይ የሚናገረውን ሰው የምደግፍ መስሏቸው ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ከእናቴ የወረስሁት ሣራማ ቦታ አለ። በአንድ በኩል መንገዱ፣ በሌላ በኩል አንዲት ጅረት ያዋስኑታል። ሁለቱ ታች ላይ ሲገናኙ መሬቱ እንደ ጦር ጫፍ ሾጥጦ ያልቃል። ፈረሱን እዚያ ለማዋል አጥር ያስፈልጋል። አጥር ደግሞ አጥሬ አላውቅም። ሰው ሲፈራ ወደሚያውቀው ነገር ይሮጣል፤ እኔ ወደ ወረቀት ሮጥሁ።

ሦስት ቀን ነደፍሁት። በማስመሪያ አሰመርሁ፣ በሜትር ለካሁ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጠኋቸው። አጥሩ አንዲት ስንዝር መሬት ሳያባክን ድንበር ድንበሩን ይዞ ወርዶ ሾጣጣው ጫፍ ላይ ይገጥማል። ስፋቱን ሁለት ጊዜ አስልቼ ሁለቱንም ጊዜ አንድ መልስ አገኘሁ። ለእኔ ከዚያ በላይ ማረጋገጫ አልነበረም። አሁን ሳስበው በዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ ፈረሱ የትም ቦታ አልነበረም።

ንድፉን ይዤ አማቴ ዘንድ ሄድሁ። አያ ዘለቀ ወረቀቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ገለባበጡት፤ ከዚያ ጣታቸውን ሾጣጣው ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማዕዘን ነው።»

«ፈረስ እዚህ ገብቶ በምን ይዞራል?»

«በእግሩ» አልሁ።

ሳቅ አሉ። «እሱስ ልክ ነህ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

እኔም ተደስቼ ተመለስሁ። በአማቾች መካከል «ተሳስተሃል» የሚባል ቃል የለም። ሳቅ ብለው «እሱስ ልክ ነህ» ካሉህ ተሳስተሃል ማለታቸው ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ወር ከአንድ እግር ጋር ፈጀብኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አጥሩ ከምን ይሠራ የሚለው ነበር። እኔ የፈራሁት ጅብ ነው። ሌባም ፈራሁ። ቆሰበር ውስጥ ግቢውን ያስከበረ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ባለ እሾህ ሽቦ አለው፤ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ሰውዬም «ይኼን እንኳን ጅብ፣ ነገርም አያልፈው» አለኝ። ገዛሁ። አንድ አጥር ስናስብ ሁላችንም የምናስበው ውጭ ስላለው ነው። ውስጥ ስለሚቆመው፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ አጥር አጠገብ ስለሚመላለሰው የሚያስብ ሰው ብዙም አላየሁም።

ቋሚዎቹን ከደከረንስ አስቆረጥሁ። ለሽቦው ማሰሪያ ይመቻል ብዬ የቅርንጫፉን ጉቶ ሳላስጠርብ ተውሁት። በሩን ብየዳ ቤት አሠራሁት፤ የቤት በር ያህል ጠባብ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት። ጉድጓዱን የሚቆፍርልኝ አበጀ የሚባል ሠራተኛ ሁለተኛው ቀን ላይ አካፋውን ተደግፎ «ጋሼ፣ ለበግ ነው?» አለኝ።

«ለፈረስ ነው።»

ሽቦውን አየ፤ እኔን አየ። «እንግዲህ እርስዎ መምህር ነዎት» ብሎ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ይህንንም ምስጋና መስሎኝ ነበር።

አያ ዘለቀ ዓርብ ዕለት ስልክ ደወሉ።

«አጥሩ አለቀ?»

«አልቋል።»

«በምን አጠርኸው?»

«በሽቦ» አልሁ። ባለ እሾህ ነው ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ለምን እንደሆነ ያኔ ባውቅ ኖሮ ሰው በሆንሁ። «ዝናቡስ በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

«ዝናቡ ደህና ነው» አሉ። «በል፣ ነገ መጥተህ ውሰደው። እሁድ ተዝካር አለብኝ፤ ሰኞ መጥቼ አየዋለሁ።»

ቅዳሜ ይበልን ይዤ መጣሁ። መራሁት አልልም፤ አብረን መጣን። ሲፈልግ ቆሞ ይግጣል፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ። ሲበቃው ይሄዳል፣ እኔም ገመዱን ይዤ እከተላለሁ። መንገደኛው ሁሉ ሰላምታ የሚሰጠው ለእሱ ነው። አንዲት ጥላ የያዙ እናት መንገዱ መሀል ላይ አቆሙንና ፈረሱን ከጆሮው እስከ ጭራው መረመሩት።

«ይኼ የዘለቀ ፈረስ አይደለም?»

«ነው፣ እማማ።»

«አንተስ የማን ነህ?»

የዘለቀ አማች መሆኔን ነገርኋቸው። አላመኑኝም። ስልካቸውን አውጥተው አያ ዘለቀ ዘንድ ደውለው፣ የለበስሁትን ኮት ቀለም ሳይቀር ነግረው፣ እሺ ከተባሉ በኋላ ነው ያሳለፉኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ ይበል ቆመ። ቆርቆሮውን አየ፣ ጠበብ ያለውን ክፍት አየ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛ። ጎተትሁት፤ ጎተተኝ። ለመንሁት። ከኋላ ልገፋው ዞር ስል ማስተዋል ከቤት ወጥታ «ከኋላው አትቁም» አለችኝ። ገመዱን ከእጄ ወሰደች። ወደ ፈረሱ ዞር ብላ ሳታይ፣ የራሷ ቤት እንደምትገባ ሁሉ ቀድማ ገባች። ተከትሏት ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ከጤና ጣቢያ የምትመለሰው ከመሸ ነበርና አጥሩን በቅርብ አላየችውም፤ አሁን ሽቦውን አየችና ቆመች።

«አባቴ ይኼን ያውቃል?»

«በሽቦ ነው ብያቸዋለሁ።»

ማስተዋል ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ሰኞ ሲመጣ ይየው እንግዲህ» አለች። «እስከዚያ ገመድ ላይ ይዋል።»

እሁድን ገመድ ላይ ዋለ፤ ማታ ከቤቱ ጎን ባለው አሮጌ ጋጣ አደረ። ሰኞ ጠዋት እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔ የጠዋት ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ለምሳ መጣሁ። ይበል በገመዱ ልክ ያለውን ሣር ክብ አድርጎ ጨርሶት፣ ከክቡ ውጭ ያለውን ለምለም ሣር እያየ ቆሟል። አያ ዘለቀ ሲመጡ ታስሮ ከሚያገኙት፣ ተፈትቶ ሜዳው መሀል ሲግጥ ቢያዩት ምን ይላሉ ብዬ አሰብሁ። ልቤ ሞቅ አለው። ፈታሁት።

ለጥቂት ጊዜ ያሰብሁት ሁሉ ሆነ። ጋማውን ነቅነቅ አደረገ፣ ተንከባለለ፣ ተነስቶ ግጦሹን ቀጠለ። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ ባለ ርስት ቆምሁ። ከዚያ የቆሰበር ሰማይ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ጠቆረ። ነፋስ ተነሳ፤ በረዶ መጣል ጀመረ። በረዶው የበሩን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው ከበሮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ይበል ጭራውን ሰቅሎ ፈረጠጠ።

ከበሩ ራቀ። ከበሩ የሚያርቀው መንገድ ደግሞ ወደ ታች ነው፤ ወደ ሾጣጣው። እየሮጠ በሄደ ቁጥር በግራም በቀኝም ሽቦው እየቀረበው መጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ለመዞር ሞከረ፤ መዞሪያ የለም። ደረቱ ሽቦውን መታው፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ደግሞ የፊት እግሮቹን ሲያነሳ ግራው በሁለት ሽቦዎች መካከል ገባ።

እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም። ስደርስ ቆሞ ነበር። ይንቀጠቀጣል። እሾሁ ከጉልበቱ በታች ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ በሰኮናው ላይ ይወርዳል። እግሩን በጎተተ ቁጥር ሽቦው ይጠብቃል። ኪሴ ውስጥ ያለው ጠመኔ ነው። ፒንሳው ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ትቼው ብሄድ ደግሞ እግሩን ገንጥሎ ይጠብቀኛል። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ አቅፌ ግንባሬን ግንባሩ ላይ ደገፍሁ። ማናገር እንዳለብኝ ገባኝ፤ ለፈረስ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። በቃሌ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በቀስታ የሰባትን ማባዣ ጀመርሁለት። ሰባት በአንድ ሰባት፣ ሰባት በሁለት አሥራ አራት። ሰባት በአሥራ ሁለት ላይ ስደርስ መጎተቱን አቆመ። ወደ ስምንት ተሻገርሁ።

የጎረቤቴን የወይዘሮ ጥሩን ራስ ከአጥራቸው በላይ ብቅ ብሎ አየሁት። ወይዘሮ ጥሩ በትንሽ ነገር የሚጮኹ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልጮኹም። «ያዘው፣ አትልቀቀው» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በበረዶው ውስጥ ወደ ብየዳ ቤቱ መቁረጫ ሊያመጡ ሄዱ። የዘጠኝን ማባዣ ጨርሼ እንደገና ወደ ሰባት ስመለስ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ።

አያ ዘለቀ ነበሩ። ከባጃጁ ለመውረድ ጊዜ ፈጀባቸው። በጭቃው ውስጥ በበትራቸው እየተደገፉ፣ አንዱን እግራቸውን እየጎተቱ ያንን ሁሉ ሜዳ ቁልቁል መጡ። ሳይቸኩሉ ነው የመጡት፤ በኋላ እንደ ነገሩኝ የሚሮጥ ሰው ፈረሱን ያስደነግጠዋል። ያ ጉዞ ስንት ደቂቃ እንደ ወሰደ አላውቅም። የማውቀው ቀና ብዬ ላያቸው እንዳልደፈርሁ ነው።

ደርሰው እጃቸውን የይበል አንገት ላይ አሳረፉ። በለሆሳስ አንድ ነገር አሉት፤ ትንፋሹ ረገብ አለ። ወይዘሮ ጥሩም መቁረጫውን ይዘው ደረሱ።

«አንተ ቁረጥ፣ እኔ መጎንበስ አልችልም» አሉኝ አያ ዘለቀ። «እግሩን እንዳትነካ። መጀመሪያ የራቀውን ሽቦ። እንዳይፈናጠር ጫፉን በእጅህ ያዘው።»

ቆረጥሁ። እጄን ቀደደኝ፤ አልታወቀኝም። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ እግሩ ላይ የተጠመጠመውን። የመጨረሻው ሲላቀቅ ይበል እግሩን አነሳና በአየር ላይ ይዞት ቆየ፤ ቀስ ብሎ መሬት አሳረፈው፤ ረገጠበት። አያ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አጠበ፣ ሰፋ፣ መርፌ ወጋ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «አንድ ጣት ያህል ቢዘልቅ ኖሮ ጅማቱን ያገኘው ነበር» አለ። ጅማቱን ቢያገኘውስ ብዬ አልጠየቅሁትም። የአማቴን ፊት አይቼ መልሱን አውቄዋለሁ።

አያ ዘለቀ ይበል እስኪድን እኛ ዘንድ ከረሙ። አልተቆጡኝም። በማግስቱም አልተቆጡኝም። ሰው ሲቆጣህ ቢያንስ የምትመክተው ነገር አለ፤ እሳቸው ግን ቁርስ ላይ «እጅህ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን አልቻልሁም። ጋጣው ደጃፍ አጠገባቸው ተቀመጥሁና «በሽቦ አልሁዎት እንጂ ባለ እሾህ ነው አላልሁዎትም» አልኋቸው። «ደብቄዎት ነው።»

በበትራቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«አውቄአለሁ» አሉ። «ሰው ስለ አጥር ሲጠየቅ ስለ ዝናብ ካወራ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አማች ይታፈራላ። የተማረ ሰው ነህ፤ ባንተ ቤት ገብቼ እንዲህ አድርግ እንዲያ አድርግ ብልህ ደስ አይልህም ብዬ። ያን ወረቀትህን ያሳየኸኝ ቀንም ያ ጫፍ ፈረስ እንደሚገድል አይቼዋለሁ። ሳቅሁልህ።» በበትራቸው ወደ ጋጣው አመለከቱ። «አንተ እኔን አፈርኸኝ፣ እኔ አንተን አፈርሁህ። የከፈለው እሱ ነው።»

አበጀም ያውቅ ነበር። ይኼ ሁሉ አዋቂ ከቦኝ፣ ሁሉም በጨዋ ደንብ አሳልፎኝ ነው ይበል እዚያ ጫፍ ላይ የደረሰው። እኔ ደግሞ አለማወቄን ከመግለጥ ይልቅ የፈረስ እግር አሳልፌ ሰጠሁ። ክፍል ውስጥ «ያልገባው ይጠይቅ» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ማታ ማታ ሳይሆን በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ነገር እስካሁን አፍራለሁ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይሳደቡ» አልኋቸው።

«እሺ» አሉ። ተነሱና በትራቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። «ና እንግዲህ። ወረቀትህን ተወው።»

ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ሜዳው ባዶ ነበር። አያ ዘለቀ መሀሉ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። አበጀ አንድ እቅፍ ችካል ይዞ ቆመ።

«ሩጥ» አሉኝ።

«ማን? እኔ?»

«ፈረሱ እግሩ ታሟል፤ እኔም ታምሜአለሁ። ማን ይሩጥ?»

ከትምህርት ቤት መመለሴ ስለ ነበር ሸሚዝና ክራቫት ለብሻለሁ። ሮጥሁ። ወደ ታች ስወርድ «አሁን ደንግጥ» አሉ። ደነገጥሁ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚደነገጠው? ፈረስ ሲደነግጥ ፊት ለፊት ነው የሚሄደው፤ ደንግጦ መንገድ የሚመርጥ ሰው ብቻ ነው።» እንደገና ደነገጥሁ። በዚህ ጊዜ ሳልመርጥ ሮጬ፣ መሬቱ መጥበብ ሲጀምር ሳላስበው ወደ ግራ ታጠፍሁ። «እዚያ» አሉ። አበጀ ችካል ተከለ።

እንዲህ እየሆነ ከሰዓት በኋላው አለፈ። መንገድ ላይ ሰው ቆመ፤ አንድ ባጃጅም ቆመ። ወይዘሮ ጥሩ በአጥራቸው ላይ ሆነው ከሚቀጥለው ድንጋጤ በፊት ውሃ አቀበሉኝ። ከተማሪዎቼ ወላጆች አንዱ በትሕትና ባርኔጣውን አነሳልኝ። እኔ ግን አንድ ነገር እየገባኝ ነበር፤ አንድ ማዕዘን ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ውስጡ ሲገባ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ትንፋሽ ያሳጥራል። ግድግዳው አንተን ፈልጎ የመጣ ይመስላል።

አበጀ የመጨረሻውን ችካል ሲመታ ቆመን አየነው። መስመሩ እንደ እንቁላል ነው፤ አንድም ሹል ቦታ የለውም። የታችኛው ጫፍ ከነሣሩ ውጭ ቀረ። የሒሳብ አስተማሪነቴ አልለቀቀኝም፤ «ያ ሁሉ መሬት ሊባክን ነው» አልሁ።

«ዕጨደውና ድርቆሽ አድርግለት» አሉ አያ ዘለቀ። «ደደብ።»

ስድቡ የመጀመሪያው ስለ ነበር ደስ አለኝ።

አጥሩን ሦስታችን ሠራነው። የእንጨቱን ልጥ ላጥን፤ ጉቶውን አንድ በአንድ ጠርበን በእጃችን እየዳሰስን አለሰለስነው። አያ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ ያሳልፋሉ፤ የቆጠቆጣቸው ቦታ ካለ በትራቸውን ያነሳሉ። አግዳሚዎቹን ከቋሚዎቹ በውስጥ በኩል መታናቸው፤ ፈረሱ ተደግፎ ቢገፋ ምስማሩ እንዳይነቀል፣ እየሮጠ ጎኑ ቢነካ ቋሚው እንዳይመታው። የላይኛው አግዳሚ ከሩቅ እንዲታየው ወፍራም ሆነ። በአግዳሚዎቹ መካከል ስላለው ክፍተት ያሉኝን አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ እደግመዋለሁ፦ ወይ ሰኮናው አይግባ፣ ወይ ከገባ በቀላሉ ይውጣ። በመንገዱ በኩል የቀርከሃ መከለያ አቆምን፣ ባጃጅ ድንገት ብቅ ብሎ እንዳያስደነግጠው። በሩን ፈረሱን ይዘው ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲገቡበት አሰፋነው፤ ቆርቆሮውን አስወግደን በሚሳቡ እንጨቶች ተካነው። ጅቡንም አልረሳነውም። ለጅብ የጋጣውን በር አጠናከርን፤ ይበል ማታ ማታ እዚያ ይገባል። የቀን አጥርና የማታ በር ሥራቸው ለየቅል መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጠየቅሁትም አልነበረም።

ከዚያ የቀረው የእኔ ሥራ ብቻ ነበር። የተቆራረጠ ሽቦና የወደቀ ምስማር ከሣሩ ውስጥ መልቀም። አያ ዘለቀ «ይኼን ብቻህን ነው» አሉኝ። አራት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሣሩን በጣቴ እያበጠርሁ ለቀምሁ። የሰው ልጅ መሬት ላይ የሚጥለው ነገር ብዛቱ ይገርማል። ከእኔ ሽቦ ሌላ ከእናቴ ዘመን የቀረ የጠርሙስ ስባሪም አገኘሁ።

ይበል ዳነ። እግሩ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል፤ ጠጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ በቅሏል። ወደ አዲሱ አጥር የገባ ቀን ሁላችንም ዳር ቆመን አየነው። መጀመሪያ አጥሩን ተከትሎ በእርምጃ ዞረው። ከዚያ በሶምሶማ። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት፣ በረዶም ነፋስም ሳይኖር፣ ጭራውን ሰቅሎ ጋለበ፤ እንቁላሉን ተከትሎ ዞሮ፣ ዞሮ፣ አያ ዘለቀ ፊት መጥቶ ቆመ። ማስተዋል ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ጥሩ በእሷ ፋንታ አለቀሱ።

አያ ዘለቀ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ነገር ግን በገበያ ቀን ሁሉ በሚኒባስ ይመጣሉ። አጥሩን ሊያዩ ነው የሚመጡት። አንድ አጥር በሳምንት ሳምንት ይህን ያህል መታየት እንደሌለበት እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። በርጩማቸውን ከበሩ አጠገብ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከማስተዋል ጋር ልብስ ስናሰጣ ድምፃቸውን ሰማን። አግዳሚው ላይ በክርናቸው ተደግፈው፣ ይበል አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ትከሻቸው ላይ አሳርፎ፣ በአውኚ ያጫውቱታል። እኔ አገሬው ልሁን እንጂ አውኚ አልሰማም፤ ማስተዋል ግን አፏን የፈታችበት ነው። ልብሱን እንደያዘች ቆማ ስትሰማ ፈገግ አለች።

«ምን እያሉት ነው?» አልኋት።

«ስለ አንተ ነው የሚነግረው።»

«ምን አሉ?»

እስኪጨርሱ ጠበቀችና ተረጎመችልኝ።

«‹ልቡ ደህና ነው፣ ነገር የሚገባው ግን ዘግይቶ ነው፤ እኔ ስሞት እንዳትቸኩልበት› ይለዋል።»